የኖቲንግሃም አልባስጥሮስ

አልባስጥሮስን የምናውቀው ከወንጌል ነው፤ በጌታ ራስ ላይ የፈሰሰው ሽቱ የነበረበት ብልቃጥ። በእንግሊዝ መሐል አገር፣ በቸላስተንና በተትበሪ ከመሬት የሚወጣው አልባስጥሮስ ግን የጀሶ ዘር ነው። በቢላ ይቀረጻል፣ ሲወለወል ያበራል፤ ዝናብ ግን ያሟሟዋል። ስለዚህ ቦታው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር።

ሥራው ከ14ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እስከ 16ኛው መጀመሪያ ደምቆ ቆየ። በዋናነት ስሟ የሚነሣው ኖቲንግሃም ናት። እ.ኤ.አ. በ1367 ለንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ የተሠራው የመሠዊያ ቅርጽ ከዚያ ወደ ዊንዘር የሄደው በ10 ጋሪ ተጭኖ ነው። ተራው ሰውም ገዢ ነበር። በ1491 ኒኮላስ ሂል የተባለ ቀራጭ ለሽያጭ ስለሰጣቸው 58 የመጥምቁ ዮሐንስ ራሶች ፍርድ ቤት ቀርቧል፤ በወጭት ላይ ያረፈው ይህ ራስ በየቤቱ የሚጸለይበት ነበር።

የተለመደው ጽላት፣ ማለትም ምስል የተቀረጸበት የአልባስጥሮስ ሰሌዳ፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ብዙዎቹ ዛሬ ነጭ ሆነው ስለምናያቸው ድሮም እንዲያ የነበሩ ይመስለናል፤ ትልቅ ስሕተት ነው። በጽላቱ ላይ የሚታየው መሬት ጥቁር አረንጓዴ ተቀብቶ፣ በቀይ ነጥብ ዙሪያ ነጭ ነጠብጣብ እየተደረገ አበባ ይዘራበት ነበር። ፀጉርና ዘውድ በወርቅ ይለበጣል። የቅዱሳኑ ፊት ግን በአብዛኛው የድንጋዩ ንጣት እንዳለ ተትቶ ዓይንና ከንፈር ብቻ ይቀለማል። ከሁሉ የሚይዘኝ የትንሣኤው ጽላት ነው፦ ክርስቶስ ከመቃብር ሲወጣ እግሩን የሚያሳርፈው በተኛው ወታደር ላይ ነው። ወታደሩ አይነቃም።

የጽላቱ ጀርባ ሻካራ ነው፤ በቀዳዳው ሽቦ ገብቶ በእርሳስ ይታሰርና ጽላቶቹ በእንጨት ሣጥን ይደረደራሉ። እንዲህ ከነእንጨቱ የተረፈው የስዋንሲ የመሠዊያ ቅርጽ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል።

ጽላቶቹ ባሕር ተሻግረው እስከ አይስላንድ ደርሰዋል። በስፔን፣ በሳንቲያጎ ያለውን የመሠዊያ ቅርጽ በ1456 ያበረከተው ጆን ጉድዪር የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ነው። ጽላቶቹን በአገራቸው በእንግሊዝ የገጠማቸው ግን ሌላ ነው። በ1550 የወጣው የኤድዋርድ ሳድሳዊ ሕግ የድንጋይ፣ የእንጨትና የአልባስጥሮስ ምስሎች እንዲጠፉ አዘዘ። የተሰበረው ተሰበረ፣ ሌላው ተጭኖ ፈረንሳይ ተሸጠ። ጥቂቱን ምእመናን ሸሽገውታል፤ በ1779 ኖቲንግሃም አጠገብ፣ በፍሎፎርድ ቤተ ክርስቲያን ወለል ሥር ሦስት ሐውልቶች ተገኝተዋል፦ እመቤታችን፣ ቅዱስ ጴጥሮስና አንድ ጳጳስ።