የመኪና ውስጥ ፕላስቲክ ጭረት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የበሩ ፕላስቲክ በጫማ፣ ማርሹ ዙሪያ ያለው በቁልፍ፣ የኋላው በሻንጣ ይጫራል። ከዚያ የሚከተለው ምክር ብዙ ጊዜ ከጭረቱ የባሰ ነው።

«ነጭ መስመር ከታየ ፕላስቲኩ ተልጧል»

ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንዱ መስመር ከሌላ ዕቃ ተፍቆ የተለጠፈ ነው። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፤ ቀጥሎ 70 በመቶ አልኮል በነካው ጨርቅ ጥረጉት። ካልለቀቀ በጣት ውሃ ቀቡት። እርጥብ ሳለ ጠፍቶ ሲደርቅ ከተመለሰ የተጎዳው ላይ ላዩ ብቻ ነው፤ የሻከረው ገጽ ብርሃን ስለሚበትን ነው የሚነጣው። ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ግን ተቆርጧል።

«ሲሊኮን ወይም ቫዝሊን ይጠግነዋል»

የሚሠራው ውሃው የሠራውን ነው፤ ይሞላል፣ ይሸፍናል፣ ሲለቅ ጭረቱ ይመለሳል። ላቫጆ ቤት የሚቀባው አብረቅራቂም ከዚህ አይለይም። አቧራ ይሰበስባል፣ ዳሽቦርድ ላይ ሲሆን በፊት መስታወት ያንጸባርቃል። መሪና ፔዳል ላይ ፈጽሞ አይቀባም። ኋላ ቀለም ልንፋ ቢሉ ደግሞ ቀለሙ ከሲሊኮኑ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠራል።

«የጥርስ ሳሙና ይፍቀዋል»

ይፍቀዋል፤ ችግሩም እሱ ነው። ሸካራ የፋብሪካ ጥለት ያለውን ፕላስቲክ ሲፍቁት ጫፎቹ ይላጉና ከጭረቱ ይልቅ ዓይን የሚስብ አብረቅራቂ ቦታ ይቀራል። መፋቅ የሚያዋጣው እንደ መስታወት በሚያበራው ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ነው፦ በውሃ የራሰ 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ 3000፣ ከዚያ የፕላስቲክ ፖሊሽ። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ላዩ የተቀባ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው አቁሙ።

«ሙቀት ሁሉንም ይመልሳል»

የነጣን ሸካራ ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ይመልሳል፤ የተቆረጠን አይሞላም። የሙቅ አየር መሣሪያ ከ500 ዲግሪ በላይ ሊያወጣ ይችላል፤ ፖሊፕሮፒሊን (PP) የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት የሚቀልጠው 160 አካባቢ ነው፣ ኤቢኤስ (ABS) የሚባለው ደግሞ ወደ 100 ሲጠጋ መለስለስ ይጀምራል። ስለዚህ በዝቅተኛው ሙቀት፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ እጅን ሳያቆሙ ለጥቂት ሰከንድ፤ ከዚያ እንዲቀዘቅዝ ጠብቆ ማየት። ጥለቱ ማብረቅ ከጀመረ እየቀለጠ ነው፣ መመለሻም የለውም። የማይታይ ጥግ ላይ ሳይሞክሩ መጀመር ሞኝነት ነው። የኤርባግ ክዳን ላይ ሙቀትም፣ መሙያም፣ ቀለምም የለም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ ክዳኑ በተቀየሰለት መስመር መቀደድ አለበት።

«አሴቶን ወይም ቲነር ያጸዳዋል»

አሴቶን ኤቢኤስን ያሟሟል። ቲነርም የተቀባውን ያነሳል።

«ስቱኮ ሞልቶ ቀለም መንፋት ይበቃል»

የቦዲ ስቱኮ ለቆርቆሮ ነው፤ የሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ላይ ይሰነጠቃል። ፕላስቲኩን ፈትታችሁ ጀርባውን እዩ፤ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ፊደል በአጭሩ ታትሞ ይገኛል። ፖሊፕሮፒሊን ከሆነ ሱፐር ግሉም ተራ ቀለምም በደንብ አይዙትም፤ ለእሱ የሚሆን የፕላስቲክ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ ቀድሞ የሚነፋ ቅብ፣ የግድ ነው። ቅደም ተከተሉ፦ በሳሙና ማጠብ፣ በአልኮል መጥረግ፣ በ800 ቁጥር ቀለል አድርጎ ማሻከር፣ ስስ ፕራይመር፣ ከዚያ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሦስት ስስ ዙር ቀለም፣ በየመሃሉ 10 ደቂቃ ያህል። አንድ ወፍራም ዙር ይንጠባጠባል። በሙያ የተሞላ ቦታም ቢሆን ጥለቱ ካልታተመበት ልሙጥ ሆኖ ይታያል።

ለጥልቅ ቁርጥ ያገለገለ ፕላስቲክ መፈለግ ይሻላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሶማሌ ተራ ይሞከራል። ስትገዙ የክሊፕ መያዣዎቹ አለመሰበራቸውን አረጋግጡ፤ ፕላስቲኩን ከሱቁ አውጥታችሁ ቀለሙን በፀሐይ ብርሃን ከመኪናችሁ ጋር አስተያዩ።