የቀዳማይ ልጅነት ውትወታ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ሥራዬን ለጠየቀኝ ሰው «የቀዳማይ ልጅነት ውትወታ» ስል፣ አብዛኛው መዋዕለ ሕፃናት የማስተምር ይመስለዋል። ባለፈው እሑድ ጣና ዳር ቡና ስንጠጣ የእህቴ ልጅም «ጋሼ፣ ቆይ ግን ሥራህ ምንድን ነው?» አለችኝ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ነው የምትማረው። ወደዚህ ሙያ መግባት ስለምታስብ ረዘም አድርጌ ነገርኳት፤ ለእናንተም ልጻፈው።

ቀዳማይ ልጅነት የሚባለው ከጽንስ ጀምሮ ልጁ አንደኛ ክፍል እስኪገባ ያለው ዕድሜ ነው። ውትወታ ደግሞ፣ አንዳንዱ አድቮኬሲ ይለዋል፣ ውሳኔና ገንዘብ በእጁ ያለውን ሰው ማስረጃ ይዞ እየተመላለሱ ማሳመን ነው። የአራት ዓመት ልጅ ቢሮ ሄዶ ደጅ አይጠናም። ስለዚህ ሌላ ሰው ይጠናለታል።

ለምን በዚህ ዕድሜ? ልጅ ስድስት ዓመት ሲሞላው አንጎሉ የአዋቂውን መጠን 90 በመቶ ገደማ ደርሷል። አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ 123 የድሃ ቤተሰብ ልጆች በሁለት ተከፍለው ከፊሎቹ ቅድመ መደበኛ ትምህርት አገኙ፣ ከፊሎቹ አላገኙም፤ ከዚያ ጎልማሳ እስኪሆኑ ድረስ ተከታተሏቸው። የኖቤል ተሸላሚው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጄምስ ሄክማንና ባልደረቦቹ ሲያሰሉት፣ የወጣው ገንዘብ በየዓመቱ ከ7 እስከ 10 በመቶ ትርፍ አምጥቷል። «ኢንቨስትመንት» የሚለው ቃል እዚህ ጉዳይ ውስጥ የገባው እንዲህ ባለ ስሌት ነው።

ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጣና ዙሪያ ልጅ ገና በትንሽነቱ የኔታ ዘንድ ተቀምጦ ፊደል ሲቆጥር ኖሯል። ሽማግሌዎች «ሕፃን ልጅ ምን ይማራል?» ሲሉኝ ይህንኑ ነው የማስታውሳቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብዙ ሰው ውትወታ ሲባል ባነርና ስብሰባ ይታየዋል። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜዬን የማሳልፈው የበጀት ወረቀት ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ስለዚህ ጥያቄው መግባት ያለበት ወረዳው ዕቅዱን በሚያዘጋጅበት ጊዜ፣ ከወራት በፊት ነው፤ ምክር ቤቱ ካጸደቀ በኋላ የሚሄድ ሰው ዘግይቷል። ከወረዳ የትምህርት በጀት ትልቁ ድርሻ የመምህራን ደመወዝ ስለሆነ፣ በቀረችው ላይ ሁሉም ይሻማል፣ ኦ ክፍል፣ ማለት ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ክፍል፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚታወሰው። «ለሕፃናት ትኩረት ይሰጥ» ብትል ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ምንም አይለወጥም። «እዚህ ትምህርት ቤት 70 የኦ ክፍል ልጆች አንድ መምህር ነው ያላቸው፣ ሁለተኛ ይመደብ» ካልክ ግን ሰውየው እሺ ወይም አይሆንም ማለት አለበት።

ፖሊሲውማ አለ። በ2002 ዓ.ም. ትምህርት፣ ጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ማዕቀፍ አውጥተዋል፤ አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ወረቀቱን ወደ ክፍል የማውረዱ ሥራ ነው የቀረው።

ደግሞ ስለ ክፍል ብቻ ማውራት አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አማራ ክልል ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶዎቹ ቀንጭረው ነበር፤ ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች ነበር ማለት ነው። ይህ ቁጥር ዛሬም ያመኛል። መቀንጨርን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ቃል የተገባበት ሰነድ፣ የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ክልል፣ ከሰቆጣ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የተራበ ልጅ በኋላ ግድግዳው ያሸበረቀ ክፍል ቢገባም ያጣውን መመለስ በጣም ይከብደዋል። ስለዚህ ወትዋች ጤና ቢሮም፣ ግብርና ቢሮም መመላለስ አለበት።

ለእህቴ ልጅ ከባዱንም አልደበቅኳትም። ስንት ወር ያስረዳሁት ኃላፊ ይዛወራል፣ ከአዲሱ ጋር ሀ ብዬ እጀምራለሁ። ውጤቱም ዓመታት ይፈጃል።

«ታዲያ ከየት ልጀምር?» አለች። ከሰፈርሽ ትምህርት ቤት አልኳት። ርእሰ መምህሩን አስፈቅጂ፣ ኦ ክፍል ግቢ፣ ልጆቹን ቁጠሪ፣ ቁመታቸውን የሚመጥን ወንበር ስንት እንዳለ ቁጠሪ፣ ሽንት ቤቱን እዪ። ከዚያ አንድ ገጽ ጽፈሽ አምጪልኝ።