ዮዮ ዳይት ምንድን ነው?

ደሴ ውስጥ ሰርግ ሲቃረብ ልብስ ሰፊ ቤት ጎራ ብትሉ "ወገቡን አጥብቢልኝ" የምትል አትጠፋም። ከወራት በኋላ ያንኑ ቀሚስ ይዛ ትመለሳለች፦ "ትንሽ አስፊልኝ።" ብልኅ ሰፊ ታዲያ ወገቡን ስታጠብብ ትርፉን ጨርቅ አትቆርጠውም። ወደ ውስጥ አጥፋ ትሰፋዋለች።

ዮዮ ዳይት ይኸው ነው። በዳይት መክሳት፣ መልሶ መወፈር፣ ደግሞ ሌላ ዳይት። አብዛኛውን ጊዜ ጥድፊያ አለበት፦ እንጀራ እርም ይባላል፣ ቁርስ በባዶ ሻይ ይታለፋል።

ኪሎው ሲመለስ "ሆዷን አልቻለችም" ትባላለች። ይህ ወሬ ያበሽቀኛል። ምግብ ድንገት ሲያጥረው ሰውነት ረሃብ የገባ ይመስለዋል። ወጪውን ይቀንሳል። የሚያስርበው ሆርሞን፣ ግሬሊን፣ ይጨምራል፤ አንጎልን "በቂ ስንቅ አለ" የሚለው ሌፕቲን ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ለ10 ሳምንታት በጣም ጥብቅ ዳይት የያዙ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ዓመት ካለፈ በኋላም ሆርሞኖቹ ወደ ቦታቸው አልተመለሱም፤ ሰዎቹም ከበፊቱ የበለጠ ይርባቸው ነበር። ታዲያ ዓመት ሙሉ ከረሃብ ጋር ግብግብ የገጠመን ሰው ሆዳም ማለት ምን ይሉታል?

ሌላም ጣጣ አለው። በችኮላ ሲከሳ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም፣ ጡንቻም ነው። ሲመለስ ግን በአብዛኛው ስብ ሆኖ ነው። ፒያሳ ሚዛን ላይ ብትወጡ ያው የድሮው ቁጥር ሊመጣ ይችላል፤ ውስጡ ግን ያው አይደለም።

በረመዳን ወይም በሁዳዴ ጥቂት ኪሎ ወርዶ ከበዓሉ በኋላ ቢመለስ ግን አያስደነግጥም። ጾሙም ለኪሎ ተብሎ የተያዘ አይደለም።

መቀነስ የሚያስፈልገው ሰውስ? ቀስ ብሎ ነው። በእኔ እምነት ዳይት ከመጀመር በፊት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ "የዛሬ ዓመትም እንዲህ እበላለሁ?" መልሱ "ኧረ አልችልም" ከሆነ ይቅር። እንጀራውን ከመተው መጠኑን መቀነስ፣ ለስላሳውን በውሃ መለወጥ፣ ምስርና ሽሮውን አለማጉደል ይሻላል። የደሴን ዳገት በባጃጅ ሳይሆን በእግር መውጣት ደግሞ ጡንቻ ያተርፋል። 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ብቻ ቀንሶ ቢቆይበት እንኳ ለደም ግፊቱና ለስኳሩ ይጠቅመዋል። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ምግቡን ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የመድኃኒቱ መጠንም መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።