በወይን ሐረግ ውስጥ ስለሚኖሩ ፈንገሶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ በግቢያቸው የወይን ሐረግ ያላቸው ሰዎች ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ ሲያዩ «ፈንገስ ገባበት» ይላሉ፤ ነጠብጣብ ከሌለ ደግሞ ሐረጉ ከፈንገስ ነጻ ነው ብለው ያምናሉ። በዚህ እምነት ዙሪያ የሚነገሩ ጥቂት ስሕተቶችን እንመልከት።

«ጤነኛ ወይን ፈንገስ የለበትም።» ጤነኛው ሐረግም በቅጠሉ፣ በቅርንጫፉና በግንዱ ውስጥ በርካታ ፈንገሶችን ይዞ ይኖራል። አልተርናሪያ፣ ክላዶስፖሪየም፣ ኤፒኮከምና ኦሪዮባሲዲየም የተባሉት ወገኖች ከወይን ውስጥ ተደጋግመው ይገኛሉ። በእጽዋት አካል ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታት «ኢንዶፋይት» የሚለውን ቃል ጀርመናዊው የእጽዋት ሊቅ አንቶን ደ ባሪ በ1866 እ.ኤ.አ. ተጠቅሞበታል፤ ስለዚህ ነገሩ የትናንት ግኝት አይደለም።

«በላብራቶሪ የበቀለው፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ነው።» ተመራማሪው የቅርንጫፉን ላይ በአልኮልና በበረኪና አጽድቶ ቁራጩን ምግብ ባለው ሳህን ላይ ሲያኖረው ፈጥነው የሚያድጉት ይበቅላሉ፤ አዝጋሚዎቹ ይዋጣሉ፤ ጨርሶ የማይበቅሉም አሉ። የዲኤንኤ ምርመራ ከዚህ የሰፋ ዝርዝር ይሰጣል፤ ነገር ግን ፈንገሶቹ የሚያመነጩትን ኬሚካል ለማጥናት ከተፈለገ፣ ኬሚካሉ የሚወጣው ከዲኤንኤ ዝርዝር ሳይሆን ሳህኑ ላይ ካደገው ሕያው ፈንገስ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይተካም።

«የፈንገሱ ስም ከታወቀ ኬሚካሉም ይታወቃል።» የተማረውንም ሰው የሚያሳስተው፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ነው። አንድን ውስብስብ ኬሚካል ለመሥራት የሚያስፈልጉት ዘረመሎች ብዙ ጊዜ በክሮሞዞሙ ላይ ጎን ለጎን ተሰልፈው ስለሚገኙ፣ አንዱ ፈንገስ ጥቅሉን ይዞ፣ ያው ስም ያለው ሌላው ግን ሳይዘው ሊኖር ይችላል። አልተርናሪያ አልተርናታ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ አፕልን የሚያጠቃው ዓይነት የመርዙን ዘረመሎች የያዘው በአንዲት ተጨማሪ ትንሽ ክሮሞዞም ላይ ሲሆን፣ ይህች ክሮሞዞም የሌለችው ያለ ችግር ይኖራል፤ የአፕሉን ቅጠል ግን አይጎዳም። በአንጻሩ በኢጣልያ ከወይን ቅጠል ውስጥ የተገኘ አልተርናታ ፕላስሞፓራ ቪቲኮላን፣ ማለትም በቅጠሉ ሥር ነጭ ሽፋን የሚያወጣውን የወይን በሽታ አምጪ፣ የሚያዳክሙ ውህዶች ያመነጫል። (ፕላስሞፓራ ራሱ እውነተኛ ፈንገስ አይደለም፤ ለቡናማ አልጌዎች ይቀርባል።) በዚያ ላይ ዘረመሉ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ አንዱ ፈንገስ ምግቡ ሲለወጥ ወይም ሌላ ፈንገስ ሲጎራበተው ቀድሞ ያልታዩ ኬሚካሎችን ሊያወጣ ይችላል።

«የወይን ጠጁን የሚያፈላው ይኸው ፈንገስ ነው።» አይደለም፤ ዋናው ሥራ የእርሾው የሳካሮማይሲስ ነው።

«ያማረ ቁራጭ ንጹሕ ነው።» ከጎረቤት ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል የተለመደ ቢሆንም፣ እንጨቱን የሚጎዳው ፌዮሞኒየላ ክላሚዶስፖራ ምልክት ሳያሳይ በቁራጩ ውስጥ ሊጓዝ ይችላል፤ የታመመ ሐረግ እንኳ አንዳንድ ዓመት ቅጠሉ ላይ ምንም አይታይበትም። ለዚህም ነው የችግኝ ጣቢያዎች ቁራጩን 50 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ የሚነክሩት፤ ውሃው ግን ፈንገሱን ይቀንሰዋል እንጂ ሁልጊዜ ጨርሶ አያጠፋውም።