«ቅምሻ እኮ መጠጥ አይደለም»

ለሰዎች የመኪና ጉዞ ዕቅድ ሳወጣ ዓመታት አልፈዋል። መንገዱ ላይ ታሪካዊ ቦታ፣ ወይን ጠጅ አምራችና ባህር ዳርቻ ካለ፣ ይህችን ሳልሰማ አልቀርም፦ «ቅምሻ እኮ መጠጥ አይደለም፤ ቀምሰን እንነዳለን።» እውነቴን ነው፣ ሰልችቶኛል።

እስቲ እናስላው። ለቅምሻ በአንዴ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይቀዳል። አንዱ አምራች 5 ዓይነት ያስቀምሳል እንበል። በቀን 5 አምራች ጋ ከገባችሁ 750 ሚሊ ሊትር ሆነ። ሙሉ ጠርሙስ ማለት ነው! ጠርሙስ ጨርሶ መሪ የሚይዝ ሰው አጠገብ ልጃችሁን ታስቀምጣላችሁ?

«ቡና ስንጠጣ ይለቀናል» የሚሉም አሉ። አይለቅም። ቡና እንቅልፍ ያባርር ይሆናል እንጂ አልኮልን ከደም አያስወጣም። ይህ በዋናነት የጉበት ሥራ ነው፤ ጉበት ደግሞ አይጣደፍም። ለአንድ ጠርሙስ 7 ሰዓት እንኳ ላይበቃው ይችላል።

አንዴ ከባልና ሚስት ጋር ሄጄ ነበር። ከሦስተኛው ቅምሻ ስንወጣ ባልየው ቁልፉን ሁለቴ ጣለ። «ደህና ነኝ» ይላል፤ ጎንበስ የሚለው ግን የመኪናውን በር ተደግፎ ነው። ሚስቱ ምንም ሳትናገር ቁልፉን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የዚያን ቀን ሹፌር እኔ ሆንኩ።

መትፋትም ነውር አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ማሰሮ የተቀመጠው ለዚሁ ነው፤ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይተፋሉ። ቢሆንም የተተፋውም ትንሽ አልኮል ያስገባልና ሹፌሩ ጭራሽ ባይቀምስ ይሻላል።

በጉዞ ላይ የምሰማቸውን ሌሎች የተሳሳቱ አባባሎች ቶሎ ልጥቀስ። «ሙዚየም ሁሌ ክፍት ነው»፦ ብዙዎቹ ሰኞ ይዘጋሉ፤ የፓሪሱ ሉቭር ደግሞ ማክሰኞ። «ማፑ መንገዱ 4 ሰዓት ይፈጃል ብሏል»፦ ማፑ ምሳና ሽንት ቤት አይቆጥርም። «ደመና ነው፣ ፀሐይ አያቃጥልም»፦ ያቃጥላል።

ባህሩ ላይ ግን ትንሽ ልቁም። ሰው ማዕበል የማይሰበርበትን ጸጥ ያለ ቦታ መርጦ ይገባል። ብዙ ጊዜ ወደ ጥልቁ የሚጎትተው ውሃ የሚያልፈው በዚያው ነው። ከወሰዳችሁ ፊት ለፊት አትታገሉት፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝታችሁ ውጡ። ይህን ለማድረግ የነቃ ጭንቅላት ያስፈልጋል። ስለዚህ የባህር ዋናውን ጠዋት፣ ታሪካዊውን ቦታ ቀጥሎ፣ ቅምሻውን ደግሞ ማታ ከምታድሩበት በእግር የሚደረስ ቦታ አድርጉት።