ምንትዋብ፦ ስለ አንድ ብርቅ የሴት ልጅ ስም የሚነገሩ ስሕተቶችና እውነታው

በሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ፣ ጎረቤቶቼ ሴት ልጅ በወለዱ ሰሞን አራስ ልንጠይቅ የገባን ሰዎች ገንፎውን ከበን እንደተቀመጥን፣ የእናትየው እናት «ስሟ ምንትዋብ ነው» ብለው ነገሩን። ስሙን ከታሪክ ትምህርት የማያስታውስ አልነበረም፤ በዚህ ስም የምትጠራ ሕፃን የሚያውቅ ግን ከመካከላችን አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ስለ ስሙ ያልተባለ ነገር የለም። የተባለውም አብዛኛው ስሕተት ስለነበረ፣ እኔም ያን ዕለት ከተሳሳቱት አንዱ ስለነበርሁ፣ ነገሩን አንድ በአንድ ማቅናት ተገቢ መስሎኛል።

«ስሙ የግዕዝ ነው፤ ምንት እና ዋብ ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ነው።»

ይህን ያልሁት እኔ ነኝ። «ምንት» በግዕዝ «ምን» ማለት መሆኑ እውነት ነው፤ ስሕተቱ የሚጀምረው ስሙን እዚያ ላይ ስንቆርጠው ነው፤ የሚተርፈው «ዋብ» ብቻውን ቆሞ ትርጉም አይሰጥምና። ትክክለኛው አከፋፈል «ምን» እና «ትዋብ» ነው። «ትዋብ» ውብ፣ ውበት፣ ተዋበ፣ አስዋበ ከምንላቸው ቃላት ጋር አንድ ሥር ያለው ግስ ሲሆን፣ የሚናገረውም ስለ አንዲት ሴት ነው። ስለዚህ ምንትዋብ ማለት ዛሬ «ምን ታምር!» ብለን የምናደንቀውን አድናቆት በስምነት የያዘ ሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ነው። የሐዋሳው የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ የበላ ሰው «ምን ይጥም!» ሲል የሚጠቀምበት አነጋገር ከዚህ ስም ጋር አንድ ዓይነት ነው። ስሙ ጥንታዊ የሚመስለን ከቤተ መንግሥት ታሪክ ጋር ስለምናገናኘው እንጂ ቋንቋው አርጅቶ አይደለም።

«ጥያቄ ነው፤ እንዲያውም ማናናቅ አለበት።»

የአራሷ ታናሽ እኅት «ምን ውበት አላትና? የሚል ይመስላል» ብላ ተሟገተች። በጽሑፍ ብቻ ላየው ሰው ጥርጣሬው ፍጹም መሠረት የለውም አይባልም፤ «ምን» በአማርኛ ይጠይቃል፣ ያደንቃል፣ ያናንቃልም፤ የሚለየውም በድምፅ አወጣጡና በሚከተለው ግስ ነው። እርሷ ባሰበችው መንገድ ለማናናቅ ግን የምንለው «ምን ውበት አላት» እንጂ «ምን ትዋብ» አይደለም። ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ረቂቅ ነገር አለ። ውብነሽና ዓለምነሽ የሚባሉት ስሞች ልጅቱን «አንቺ» ብለው ያናግሯታል፤ ምንትዋብ ግን እርሷን አያናግርም፣ ስለ እርሷ ለሌላ ሰው ይናገራል። ሕፃኗን ታቅፎ ወደ ጎረቤት ዞር ያለ ወላጅ የሚለው ዓይነት ነው፤ ለእኔ የስሙ ለዛ ያለው እዚህ ላይ ነው።

«ትክክለኛው አጻጻፍ ምንተዋብ ነው።»

አይደለም። ይህ ስሕተት የመጣው ስሙን በላቲን ፊደል ከተጻፈበት መጽሐፍ ወደ አማርኛ ከሚመልሱ ሰዎች ነው። በላቲን ፊደል ሳድሱን የሚወክል የተለየ ምልክት በተለመደው አጻጻፍ ስለሌለ፣ «ት» ብዙ ጊዜ «ተ» መስሎ ይታያል። በአማርኛ ግን «ት» ሳድስ ናት፤ «ዋ»ም ጠብቃ ትነበባለች፤ አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህን ለማሳየት በላቲኑ ጽሑፍ ፊደሏን ደግመው ይጽፏታል።

«የእቴጌይቱ የክርስትና ስም ነው»፤ አለበለዚያም «ንጉሡ በውበቷ ተደንቆ ያወጣላት ነው።»

ስሙን ያስጠሩት እቴጌ ከቋራ የመጡት የዐፄ በካፋ ሚስት ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ሲሆን፣ ምንትዋብ ሰው የሚጠራቸው ስም ነበር። ሁለተኛው አባባል የመነጨው ከታወቀ አፈ ታሪክ ነው፤ በካፋ ማንነቱን ሰውሮ ሲጓዝ ቋራ ላይ ታምሞ ወደቀ፣ የቤቱ ልጅም አስታማ አዳነችው፣ እርሱም አገባት ይባላል። ተረቱ ደስ ይላል፤ ይሁን እንጂ እቴጌይቱ ከታወቀ የቋራ የመኳንንት ቤተሰብ የተወለዱ ሴት እንጂ ንጉሥ በድንገት ያገኛት ስም የለሽ ልጅ አልነበሩም።

ውበታቸው ብቻ መነገሩም ቅር ያሰኛል። በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞት ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበረ፣ ዘውድ ጭነው ከእርሱ ጋር መንግሥቱን መርተዋል፤ ጎንደር ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን፣ ጣና ላይ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን አሳንጸዋል። በናርጋ ሥላሴ ሥዕል ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። በመንገዴ አንድ ነገር ልጨምር፦ የልጃቸው ሚስት፣ ከኦሮሞ መኳንንት ቤት የመጡት ንግሥት፣ ውቢት ይባሉ ነበር። ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1755 ሲሞት የአማት የቋራ ወገንና የምራት የኦሮሞ ወገን ለሥልጣን ተፋጠጡ፤ ፍጥጫው ራስ ሚካኤል ስሑልን ከትግራይ አስጠርቶ እ.ኤ.አ. በ1769 በኢያሱና በውቢት ልጅ በዐፄ ኢዮአስ መገደል ተደመደመ። ከአንድ ሥር የበቀሉ ሁለት የውበት ስሞች በአንድ ግቢ ውስጥ ይህን ያህል መቃረናቸውን ሳስብ ይገርመኛል።

«ለጎንደሬና ለኦርቶዶክስ ብቻ የሚሆን ስም ነው።»

አባትየው የሲዳማ ተወላጅና የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጅ ስለሆነ ይህ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም ነበር። በስሙ ውስጥ ግን የቅዱስ ስምም ሆነ የአገር ስም የለም። በኦርቶዶክስ ሥርዓትም ቢሆን ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ የምትቀበለው ስም ሌላ ነው፤ እቴጌይቱም ራሳቸው ሁለቱን ለይተው ይዘዋል።

«ኢንተርኔት ላይ ደረጃው ተጽፏል፤ ከጥቂት ሰዎች በቀር የሚጠራበት የለም።»

የአራሷ ወንድም ስልኩን አውጥቶ ያነበበልን ይህን ነው። በእንዲህ ያሉ ገጾች ላይ የሚታየው ደረጃ ብዙውን ጊዜ የሚቀዳው ከሌላ አገር መዝገብ ነው። ለምሳሌ የአሜሪካው የማኅበራዊ ዋስትና (ሶሻል ሴኩሪቲ) መሥሪያ ቤት ከ1880 ጀምሮ ያሉትን የሕፃናት ስሞች ያወጣል፤ በአንድ ዓመት ከ5 ላነሱ ሕፃናት የወጣን ስም ግን ከዝርዝሩ ይተዋል። እኛ ዘንድ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በየገጠሩ ተወልደው በዚህ ስም የተጠሩ እናቶችና አያቶች በአሜሪካ መዝገብ የሚገኙበት ምክንያት የለም። ስሙ በዛሬዎቹ ሕፃናት ዘንድ ብርቅ ነው ብንል ጆሯችንን ምስክር አድርገን ነው፤ ጠፍቷል ለማለት ግን ያ ገጽ ማስረጃ አይሆንም።

ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት ወላጆቹ ለመወሰን ጊዜ ነበራቸው። አያቲቱ ግን አልጠበቁም፤ ሕፃኗን አቅፈው ወደ እኛ ዞር አሉና፣ ስሙን ሁለት ቦታ ከፍለው «ምን ትዋብ!» አሉ። የአራሷ እኅት ያን ጊዜ ሳቀች።