ሥዕሉን ከገዛሁት መብቱም የኔ ነው?

ደሴ ውስጥ ከተከፈተ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ቡና የምትቀዳ ሴት ሥዕል ገዛችሁ እንበል፤ ጥለቷ ላይ የብሩሹ ምት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሸራው የእናንተ ነው። ሳሎን ስቀሉት፣ ለሙሽሮች ስጡት፣ ሲያሻችሁ መልሳችሁ ሽጡት። ግን ኮምቦልቻ ላለው ካፌያችሁ ሜኑ ወይም ቲሸርት ላይ ማተም አትችሉም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የማባዛት መብቱ ሠዓሊው በሕይወት እስካለ የእሱ፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። ደግሞም ተገቢ ነው፤ ሸራውን ከሸጠ በኋላ በእጁ ከሚቀሩት መብቶች አንዱ ይኸው ነው። ፈቃዱ በቃል አይበቃም፣ በጽሑፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ሥዕሉን ስትገዙ ምን ላይ እንደምታትሙትና ስንት ኮፒ እንደሆነ ጻፉና እዚያው አስፈርሙት።